የሰባተኛው መስመር ሰዓት

ኅዳር 4 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ አርብ ገበያ ከተማ

ሳጥኑን ዛሬ ከቆጥ አወረድኩት። እኅቴ ሐረገ ወይን መሰላሉን ይዛ ከታች ትነዘንዘኛለች። "በሃምሳ ሦስት ዓመትህ ወድቀህ ብትሰበር የማስታምምበት ጉልበት የለኝም!" አቧራው ሁለታችንንም አስነጠሰን። ክዳኑን ስከፍት ግን ሁሉም እንደነበረ ነው፤ ጥቅሎቹ በየቁጥራቸው፣ ደብተሮቹ በየቀናቸው። እኔ ያስቀመጥኩት ነገር አይጠፋም።

ኋላ እንዳልሳሳት ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፈው። በ1988 ዓ.ም. እኔና ጌዲዮን፣ ሁለታችንም ከጂኦሎጂ ክፍል አዲስ ተመርቀን የወጣን፣ ከጅቡቲ በተነሣች የጥናት መርከብ ላይ ሰባት ሳምንት ሠራን። የኤደን ባሕረ ሰላጤን ወለል ለካን። መርከቧ እንደ አራሽ በትልም በትልም፣ እኛ መስመር በምንለው፣ እየተመላለሰች ድምፅ ወደ ታች ትልካለች፤ ድምፁ ተመልሶ እስኪመጣ የፈጀው ጊዜ ጥልቀቱን ይናገራል፤ ብዕር በጥቅል ወረቀት ላይ ይስለዋል። ጌዲዮን የመሣሪያውን ሰዓት እያየ በጥቅሉ ላይ በየአሥር ደቂቃው ሰዓት ያሰፍራል። እኔ ደግሞ ከላይ፣ ከመርከቧ መሪ ክፍል፣ በስልክ የሚነገረኝን ቦታ፣ ሰዓቱን ከግድግዳው ሰዓት እያየሁ፣ በደብተር እጽፋለሁ። ሰዓቱ ሁሉ የግሪንዊች ነው። ጥቅሉ ጥልቀቱን ያውቃል፣ ቦታውን አያውቅም። ደብተሩ ቦታውን ያውቃል፣ ጥልቀቱን አያውቅም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሰዓት ብቻ ነው።

ይህ ሳጥን ለዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ ነበር። ከዕቃ ቤት አውጥተው ሊጥሉት ሲሉ ተጣልቼ ወሰድኩት። ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ በሌላ ጉዳይ ተጣልቼ ራሴንም ይዤ ወጣሁ። አሁን እዚሁ በአባቴ ቤት ሆኜ ፊዚክስ አስተምራለሁ።

ባለፈው ወር ኢንግሪድ የምትባል ሴት ከአውሮፓ፣ ከአንድ የባሕር ጥናት መዝገብ ቤት፣ ጻፈችልኝ። የዚያ ጉዞ መረጃ የተቀዳበት ዋናው ቴፕ ሻግቶ አይነበብም። የቀረው የእኔ ሳጥን ነው። በኮምፒውተር ገልብጠን ብንልክላት ለዓለም ሁሉ ክፍት ታደርገዋለች። "ለማንም? በነፃ?" ብዬ ጻፍኩላት። "ለማንም፣ በነፃ" አለችኝ። ሁለት ቀን ተናደድኩ። በሦስተኛው ቀን ኢንግሪድ፣ አንዲት የጅቡቲ ተማሪ የባሕር ውስጥ መሬት መንሸራተትን እያጠናች ይህንኑ ዳታ ስትፈልግ አንድ ዓመት እንዳለፋት ነገረችኝ። መሰላል የጠየቅኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የእነ ኢንግሪድ የአሮጌ ዳታ ማዳኛ ሥራ በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ይዘጋል። በእኛ ታኅሣሥ 22።

ኅዳር 9፣ ዓርብ

አንዱ ጥቅል ብቻ አሥራ አንድ ሜትር ነው። የአስማ ስካነር ደግሞ ከአንድ ገጽ በላይ አይወስድም። አስማ የነጋዴው የጁነይዲ ልጅ ናት፤ ከአባቷ ሱቅ ጎን ፎቶ ኮፒና ኮምፒውተር ቤት አላት።

"ጋሼ፣ በመቀስ ብንቆራርጠውስ?" አለችኝ።

ምን እንዳልኳት አልጽፈውም። ልጅቱ ግን አልደነገጠችም፤ "እሺ፣ አይቆረጥም፣ ወላሂ አይቆረጥም" ብላ ሳቀች። ስለዚህ በጁነይዲ በረንዳ ላይ ዘርግተን ክንድ በክንድ ፎቶ ልናነሣው ወሰንን። በገበያ ቀን! አህያውም ሰዉም በሚተራመስበት! ማነው ይህን ቀን የመረጠው ብዬ ጮህኩ። እኔ ነበርኩ።

ሰዉ ከበበን። አንድ ከስማዳ የመጡ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው አጎነበሱ።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"የባሕር ወለል ነው አባቴ።"

"ውኃውሳ?"

"ከላይ ነው። አልተሳለም።"

በጣታቸው መስመሩን ተከትለው ወረዱ፤ ወጡ፤ እንደገና ወረዱ። "እኔን አታሞኘኝ። ይኼ የበሽሎ ገደል ነው። ይኸው፣ እዚህች ጋ ነው አህያዬ የገባችብኝ።"

በረንዳው በሳቅ ተናወጠ። በሽሎን ውኃ ነው የቆረጠው፣ ይህን ግን ምድር ራሷ ተሰንጥቃ ነው ያበጀችው ብዬ ላርማቸው አፌን ስከፍት ጁነይዲ ክንዴን ያዘኝ። "ተዋቸው መምህር። አህያ የሞተባቸው ሰው ናቸው።"

ሰባት ጥቅል ጨረስን። ለብዙ ጊዜ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለአስማ አልነገርኳትም።

ኅዳር 13

መብራት የለም። አራት ጥቅል ቀርቷል። አጥሩ ወድቋል። ሐረገ ወይን፦ "የፈረንጅ ባሕር ትለካለህ፣ የጎረቤት በሬ ጎመናችንን ይለካል።"

ኅዳር 21

ከአሥራ አራቱ መስመር አሥራ ሦስቱ ተቀባይነት አገኘ! ኢንግሪድ "እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ደብተር አይቼ አላውቅም" ብላ ጻፈች። ለሐረገ ወይን ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ሁለተኛውን "ሰማሁህ እኮ" አለችኝ።

ያልተቀበሉት አንዱ እንደጠበቅሁት ነው። ሰባተኛው መስመር። የጥቅሉ ሰዓትና የደብተሩ ሰዓት አልገጠሙም፤ ባሕር ዳርቻው አሸዋ አጠገብ አንድ ሺህ ሜትር ጥልቀት ይታያል። ኢንግሪድ ደብተሩ በጅቡቲ ሰዓት ተጽፎ ይሆናል ብላ ሦስት ሰዓት ቀንሳ ሞከረችው። ባሰበት፤ መንገዱ የብስ ላይ ወጣ። "አሁንማ መርከባችሁ ግመል ሆናለች" አለችኝ።

ደብተሩ እንዳልተሳሳተ መለስኩላት። የዚያን ቀን ገጽ ደግሜ አየሁት። ጽሑፉ ልቅም ያለ ነው፤ አንድ ስርዝ የለበትም። በኅዳጉ ላይ "የግድግዳው ሰዓት ዛሬ ቆሟል" ብዬ እንኳ መዝግቤያለሁ። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ነው የሚሳሳተው?

ኅዳር 29

ስለ ጌዲዮን ልጻፍ። መጻፍ አልፈለግሁም ነበር፤ ሁለት ሌሊት ግን በዚሁ ተነሣሁ።

ሰባተኛውን መስመር የሠራነው በገና ዋዜማ፣ በጠዋቱ ፈረቃ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ የጉዞው አለቃ ደብዳቤ መጣ፤ ሁለቱ መዝገቦች ስለማይስማሙ ከሁለታችን አንዱ ተሳስቷል። የማን ሥራ ንጹሕ እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። ጌዲዮን ጥቅሉ ላይ ሰዓት እያሰፈረ የሚዘፍን ልጅ ነው። በሪፖርቱ ላይ "የጌዲዮን የሰዓት ምልክቶች አይታመኑም" ተብሎ ተጻፈ። ለሁለተኛው ጉዞ እኔ ተጠራሁ፤ እሱ አልተጠራም።

በዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ተጣላን። በሰው ፊት "መጀመሪያ የአባትህን ሰዓት እየው!" ብሎ ጮኸብኝ። አባቴ የዚሁ አገር የቤተ ልሔም ደብር የድጓ መምህር ነበሩ። ስመረቅ ከእጃቸው ፈትተው የሰጡኝን ሰዓት የድሃ ሰዓት ብሎ መስደቡ ነው። እጄ ላይ የነበረውን ማስመሪያ ወረወርኩበት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።

ሰዓቱ ይኸው አሁንም እጄ ላይ ነው። በወር አንድ ደቂቃ እንኳ አይዛነፍም። ብዙ ሰው ሰዓቱን በፈረንጅ ሞልቶ በሐበሻ ያነባል። አባቴ ግን ሰዓት ቆጣሪው ራሱ የእኛን ቁጥር እንዲያሳይ አድርገው ነበር የሞሉት። እኔም አላዛወርኩትም፤ ባሕር ላይ እንኳ። በዚያ ዋዜማ እያየሁት አሁን አባቴ ቤተ ልሔም ገቡ፣ አሁን ማኅሌት ሊቆሙ ነው ስል ነበር የዋልኩት።

ጌዲዮን እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ነው አሉ። ያስተምራል። ባለፈው ሳምንት ከእስቴ የመጣ ሾፌር "የሚወደድ ሰው ነው፣ ተማሪው ሁሉ ያብዳል ለሱ" ሲል ሰማሁ። የሚዘፍን አስተማሪ ለተማሪ ጥሩ ነው።

ታኅሣሥ 4

ኢንግሪድ ሁለት መንገድ አለ ትላለች። ወይ ሰባተኛው መስመር ይቀራል፣ ወይ ከማስታወሻ ጋር ይወጣል፤ ማስታወሻውም የቀድሞው ሪፖርት ቃል ነው። የጌዲዮን ስም፣ "አይታመንም"፣ ለዓለም ሁሉ ክፍት፣ ለዘላለም።

ይገባዋል ብዬ ተስማማሁ። መልሱን ከላክሁ በኋላ እራት አልበላልኝ አለ። የጾሙ ሽሮ ቀጠነ ብዬ በሐረገ ወይን ላይ ጮህኩ። ሽሮው አልቀጠነም ነበር።

ታኅሣሥ 12

ዛሬ። እንዴት ልጻፈው።

ኢንግሪድ በቪዲዮ እንነጋገር ብላ ነበር። አስማ ቀጠሮውን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፋ ሰጠችኝ፦ "ሐሙስ፣ 3 ሰዓት።" በልጅቱ ላይ ወረድኩባት። የማን ሦስት ሰዓት? ቁጥር ብቻውን ምን ይነግረኛል? ይህ ነው አገራችንን የገደላት፣ ምናምን።

እሷ እስክሪብቶዋን እያሽከረከረች ጠበቀችኝ። ስጨርስ "እሺ ጋሼ። አንተስ በደብተርህ ላይ የማን እንደሆነ ጽፈሃል?" አለችኝ።

አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

"ጋሼ? አመመህ እንዴ? አባዬ፣ ውኃ!"

የግድግዳው ሰዓት ዛሬ ቆሟል። ከቆመ፣ እኔ ሰዓቱን ከየት አየሁ?

ታኅሣሥ 13

ሳሰላው አደርኩ። ደብተሩ ላይ ሰባተኛው መስመር ከ2 እስከ 6 ይላል። ጥቅሉ ላይ በጌዲዮን እጅ ከ5 እስከ 9 ይላል። የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት በፈረንጅ ቁጥር ስምንት፣ በግሪንዊች ደግሞ አምስት ሰዓት ነው። ኢንግሪድ ሦስት ሰዓት ቀነሰች፤ መደመር ነበረባት። ደመርኩት። እያንዳንዱ ነጥብ ከመርከቧ መንገድ ላይ ሄዶ ቁጭ አለ። አሸዋው አጠገብ ጥልቀቱ ስምንት ሜትር ሆነ፤ ገደሉም ከስድስተኛውና ከስምንተኛው መስመር ገደል ጋር ገጠመ፣ እንደ ቁልፍና ቀዳዳ።

እንደ ሕፃን ጮህኩ። ሐረገ ወይን በነጠላዋ ሮጣ ወጣች። "ምን ሆንክ?" "ገጠመ!" አልኳት። "ምኑ?" ስትለኝ ነው ያፈርኩት። ደስታዬ ሳያልቅ አፈርኩ።

የጌዲዮን ሰዓት ልክ ነበር። ሁሉም ምልክት። እየዘፈነ።

ታኅሣሥ 14፣ ዓርብ

ከጁነይዲ ሱቅ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር ገዛሁ። ከአሮጌው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ያን ቀለምም አሁንም ይሸጣል። ለምን እንደገዛሁት አልጽፍም። ኢንግሪድ ያንን ገጽ ከሩቅ፣ ደብዝዞ ነው ያየችው።

ታኅሣሥ 16፣ እሑድ

ቤተ ልሔም ደርሼ መጣሁ። ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግር። መሪጌታ ገብረ ሥላሴን ለማየት ነው የሄድኩት፤ የአባቴ ተማሪ ነበሩ፣ ዛሬ በወንበራቸው ተቀምጠዋል። በድጓ ላይ አጎንብሰው አገኘኋቸው። መርከብና ግሪንዊች ሳልል ጠየቅኳቸው።

"መሪጌታ፣ ጸሐፊ ሲሳሳት ምን ያደርግ ነበር?"

"ማን? አንተ?"

"ማንም።"

ሳቁ። አንድ አሮጌ ብራና አምጥተው ገለጡልኝ። "ይኸው የአባትህ እጅ። ቃል ዘለው ነበር። አልፋቁትም። ምልክት አደረጉ፣ የቀረውን በኅዳጉ ጻፉ፣ ከጎኑ ስማቸውን ጻፉ።"

"ስማቸውን ለምን?"

"እኛም ጠይቀናቸው ነበር። የፋቅከው እንደሆን ቀጥሎ የሚያነበው ሰው ያልፋቅከውንም አያምንም ይሉ ነበር። ደግሞም ያን ጊዜ መጀመሪያ የተቆጡት በጓደኛቸው ላይ ነበር፤ እሱ ነው አሳስቶ ያነበበልኝ እያሉ።" ዓይናቸውን ከብራናው ሳያነሡ "አንተም ቁጣው ወርዶብሃል ይላሉ" አሉ።

ስመለስ አዲሱን ደብተር ለአስማ ሰጠኋት። ለቀጠሮ ትጻፍበት።

ታኅሣሥ 18

ደወልኩ። ስልኩን ከሾፌሩ ነው ያገኘሁት። ሦስት ጊዜ ጠርቶ አነሣው።

"ጌዲዮን፣ ቀለመ ወርቅ ነኝ።"

"ማን ሞተ?" አለኝ።

"ማንም።"

"ታዲያ ምን ሆነህ ደወልክ?"

በቃሌ አጥንቼው ነበር፤ ጠፋብኝ። "ሰባተኛው መስመር። የግድግዳው ሰዓት ቆሞ ነበር። የእጄን አየሁ። የአባቴን። በእኛ አቆጣጠር። ጥቅሉ ልክ ነው። አንተ ልክ ነህ።"

ከወዲያ የታነቀ ድምፅ ሰማሁ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። ሰውዬው በሳቅ እየሞተ ነው! "መቅደስ! መቅደስ ነይ! ቀለሙ ሰዓቱን አየ! በሃያ ሰባት ዓመቱ ሰዓቱን አየ!"

ሲረጋጋ "የአባትህን ሰዓት እየው ብዬህ አልነበር?" አለኝ።

"የሰደብከኝ መስሎኝ ነበር።"

"መስደቡንም ሰድቤሃለሁ። ግን ከስድቡ በፊት ነግሬሃለሁ።"

ይቅርታ አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሻካራ ነበር፤ ብዙ አልተጠቀምኩበትም። ሳቁን አቆመ።

"ስማ" አለኝ። "ያን ዓመት እስቴ ገባሁ፣ መቅደስን አገባሁ፣ አልተጎዳሁም። ግን ሁሉን ረስቶ ይቅር ያለ ደግ ሰው አድርገህ እንዳትጽፈኝ። ብዙ ቀን ተናድጄ አድሬያለሁ። በክረምት ዝናቡ ሲበዛ ባሕሩ ትዝ ይለኝ ነበር።"

"እሺ" አልኩት።

"ለፈረንጇ ሳትሸፍን ጻፍላት። የገና ዋዜማ ዘንድሮ ዓርብ ነው የሚውለው። ገበያችሁን መጥቼ አየዋለሁ። ያንን ሰዓትም በዓይኔ አየዋለሁ።"

ታኅሣሥ 22

መጨረሻው ቀን። የእነሱ እኩለ ሌሊት የእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ሦስት ጊዜ አሰላሁት። አስማ አራተኛ ጊዜ አሰላችው፤ አላመነችኝም።

ኔትወርክ ጠዋት ጠፋ። ቀትር ላይ መጣ። ፋይሉ ዘጠና አንድ በመቶ ላይ ቆመ። ጁነይዲ ሱቁን ዘግቶ ከኋላችን ቆመ፤ ማንም እንዳይናገር በእጁ ይከለክላል። ስልኩን ቆርቆሮው ላይ አወጣነው። ዘጠና አራት። ሐረገ ወይን ምሳ አምጥታ "ገና ነው?" ስትል ሁላችንም "እሽ!" አልናት። አመሻሹ ላይ መቶ ሆነ። አስማ ጮኸች፤ አባቷን አቀፈች፤ እኔንም አቀፈችኝ፤ ደነገጥን ሁለታችንም።

ደብተሩን እንዳለ ነው የላክሁት፤ ከነስሕተቱ። ማስታወሻው ከጎኑ ነው፣ ከነስሜ።

ታኅሣሥ 28፣ ዓርብ፣ የገና ዋዜማ

ጌዲዮን መጣ። ወፍሯል፤ ፀጉሩ አልቋል፤ ድምፁ ያው ነው። ከደብረ ታቦር በመጣው መኪና መስኮት አንገቱን አውጥቶ በገበያው መሐል "ቀለሙ! ስንት ሰዓት ነው?" እያለ ጮኸ። ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መናደድ ፈልጌ ነበር፤ አልመጣልኝም።

አስማ ገጹን ከፈተችልን። አሥራ አራቱም መስመሮች በሰማያዊ ተሰምረዋል። ሰባተኛውን ስትነካው ማስታወሻው ወጣ፤ ጌዲዮን በረንዳው ላይ ለቆሙት ሁሉ እየተረጎመ ጮክ ብሎ አነበበው። "የቦታ ደብተር፦ ቀለመ ወርቅ፤ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፏል፣ ስሕተቱ የጸሐፊው ነው፣ ሦስት ሰዓት ይደመር። የጥልቀት ጥቅል፦ ጌዲዮን፤ ሰዓቱ ትክክል ነው። የቀድሞው ሪፖርት ቃል ተሽሯል።" የመጨረሻውን ሁለተኛ ጊዜ አነበበው። ሦስተኛ ጊዜ ሊያነበው ሲል መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ ጠረገ። የጅቡቲዋ ተማሪ ፋይሉን በመጀመሪያው ቀን አውርዳዋለች።

ሽማግሌው ከስማዳ ዛሬም መጥተዋል። ኮምፒውተሩን አይተው "አህያዬ የገባችበት ይኸው" አሉ። ጌዲዮን ከልቡ ለቅሶ ደረሳቸው።

ቤት እንደገባን እጁን ዘረጋ። ሰዓቱን ፈትቼ ሰጠሁት። ጆሮው ላይ አድርጎ ሰማው፤ እጁ ላይ አሰረው። እስከ ጥምቀት መያዣ ነው አለኝ። ሃያ ሰባት ዓመት የያዘኝን ነገር ሁለት ሳምንት ቢይዝ ምን አለበት።

ይህን የምጽፈው ደጃፍ ተቀምጬ ነው። በውስጥ ጌዲዮን ይዘፍናል፤ ሐረገ ወይን አብራው ትዘፍናለች፤ እንደምትችል አላውቅም ነበር። ወደ ማኅሌት ከመሄዳችን በፊት ትንሽ ጊዜ አለ። እጄን አየሁ፤ ባዶ ነው። ነጭ የሰዓት ምልክት ብቻ ቀርቶበታል።

"ስንት ሰዓት ሆነ?" ብዬ ወደ ውስጥ ጮህኩ።

ዘፈኑ ቆመ። "በማን?" አለ ጌዲዮን።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ። በእኛ።